ጋሻ ወይስ ቦይ? የፕላኔቶች ማግኔቶስፌርና አዮኖስፌር ስለ አየራችን የሚነግሩን

እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 2024 ምሽት፣ ዘወትር በዋልታዎች አካባቢ ብቻ የሚታየው ቀይና አረንጓዴ የሰማይ ብርሃን፣ አውሮራ፣ እስከ ሜክሲኮና እስከ ደቡብ አውሮፓ ድረስ ወርዶ ታየ። ከ2003 ወዲህ ይህን የሚያህል የመግነጢስ ማዕበል መሬትን አልመታም ነበር። ፎቶግራፎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ አብሯቸው የተላለፈ ሥጋት ነበር፤ የመሬት መግነጢሳዊ መስክ እየደከመ ነው፣ መስኩ ደግሞ አየራችንን ከፀሐይ የሚከልል ጋሻ ነው፣ ስለዚህ ጋሻው በሳሳ ቁጥር አየሯን ያጣችው የማርስ ዕጣ ወደ እኛ እየቀረበ ነው የሚል።

ከሦስቱ አባባሎች የመጀመሪያው ትክክል ነው። ባለፉት 200 ዓመታት መስኩ በዓለም አቀፍ አማካይ 9 በመቶ ያህል ኃይሉን አጥቷል፤ በደቡብ አሜሪካና በደቡብ አትላንቲክ ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሳሳበት ሰፊ ክልል አለ። ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነው። ሦስተኛው ግን ከሁለቱ አይከተልም። ለምን እንደማይከተል ለመረዳት የፕላኔቶችን ማግኔቶስፌርና አዮኖስፌር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች በተለይ ባለፉት ሃያ ዓመታት ያከማቹትን ማስረጃ ማየት ያስፈልጋል። ማስረጃው ጋሻ የሚለውን ምስል ፈጽሞ ባያፈርሰውም ብዙ ቦታ ላይ ቀዳዶታል።

ሁለቱ ክልሎች

ከፀሐይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያለማቋረጥ የሚነፍስ፣ በአብዛኛው ከፕሮቶኖችና ከኤሌክትሮኖች የተሠራ ጅረት አለ፤ የፀሐይ ንፋስ ይባላል። በመሬት አካባቢ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይሁን እንጂ እጅግ ስስ በመሆኑ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚገኙት ቅንጣቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቅንጣቶቹ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላላቸው መግነጢሳዊ መስክን እንዳሻቸው ማቋረጥ አይችሉም። በመሬት ውስጥ የሚናጠው የቀለጠ ብረት ያመነጨው መስክ ከፊታቸው ሲቆም ተጠማዘው በጎን ያልፋሉ። መስኩም በበኩሉ በፀሐይ ትይዩ ይጨመቃል፣ በሌሊቱ በኩል ደግሞ እንደ ረጅም ጅራት ይጎተታል። የፕላኔቷ መስክ ገዥ የሆነበት ይህ ክልል ማግኔቶስፌር ነው፤ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1959 የሰጠው ቶማስ ጎልድ ነበር። በቀን በኩል ያለው ዳርቻው ጸጥ ባለ ጊዜ ከመሬት ማዕከል 65 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በብርቱ ማዕበል ጊዜ ግን የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከሚገኙበት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ በታች ሊገፋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሳተላይቶቹ በቀጥታ በፀሐይ ንፋስ ውስጥ ይቀራሉ።

አዮኖስፌር ከዚህ የተለየና ወደ ምድር በጣም የቀረበ ነው። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌትና ኤክስ ሬይ የላይኛውን አየር አቶሞችና ሞለኪውሎች ሲመታ ኤሌክትሮን ይነጥቃቸዋል፤ ኤሌክትሮን የተነጠቀ አቶም ወይም ሞለኪውል አዮን ይባላል። ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚደርሰው ክልል አዮኖችና ነጻ ኤሌክትሮኖች ከተራው አየር ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ። ኤሌክትሮን እጅግ በሚበዛበት 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ እንኳ ወደ አዮንነት የተለወጠው ከሺህ ቅንጣት አንዱ ያህል ብቻ ነው። ይህ ጥቂት መጠን የሬዲዮ ሞገድን ለማጠፍ በቂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1901 ማርኮኒ አትላንቲክን የተሻገረ የሬዲዮ ምልክት ሲቀበል፣ ሞገዱ የመሬትን ጉብታ እንዴት እንደዞረ ያስረዳው ይኸው ሽፋን ነው። መኖሩን በሙከራ ያረጋገጠው ኤድዋርድ አፕልተን እ.ኤ.አ. በ1947 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

አንድ ልዩነት ከወዲሁ ልብ ሊባል ይገባል፤ የክርክሩ ግማሽ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። ማግኔቶስፌር በተለመደው ትርጉሙ ከፕላኔቷ ውስጥ የሚመነጭ መስክን ይፈልጋል፤ አዮኖስፌር ግን አየርና የፀሐይ ብርሃን ባሉበት ሁሉ አለ። ቬነስ የራሷ መስክ የላትም፣ አዮኖስፌር ግን አላት። ማርስም እንዲሁ።

የተዘጋ የሚመስለው በር

መስኩ የፀሐይን ንፋስ በጎን የሚያሳልፍ ከሆነ አውሮራ ከየት ይመጣል? ዛሬ ድረስ የሚሠራበትን መልስ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ደንጊ ነው። የፀሐይ ንፋስ ባዶ እጁን አይመጣም፤ የፀሐይን መግነጢሳዊ መስክ ይዞ ይመጣል። የመሬት መስክ በቀን በኩል ባለው ዳርቻ ወደ ሰሜን ያመለክታል። ንፋሱ ይዞት የመጣው መስክ እንደ እርሱ ወደ ሰሜን ካመለከተ እምብዛም ነገር አይፈጠርም። ወደ ደቡብ ካመለከተ ግን ሁለቱ ተቃራኒ መስኮች ሲገናኙ መስመሮቻቸው ተቆርጠው እርስ በርስ ይቀጣጠላሉ፤ ይህ ክስተት የመስክ መስመሮች ዳግም ትስስር ይባላል። ከዚያ በኋላ አንድ የመስክ መስመር አንደኛው ጫፉ በመሬት ዋልታ፣ ሌላኛው ጫፉ በፀሐይ ንፋስ ውስጥ ሆኖ ይገኛል። ንፋሱም መስመሩን ወደ ሌሊቱ ጅራት ይጎትተዋል፤ በጅራቱ ውስጥ መስመሮቹ ዳግም ተገናኝተው ሲዘጉ የተጠራቀመው ጉልበት ወደ መሬት ይወረወራል።

ጉልበቱ የሚጓዝበት መንገድ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ጅረቱ በመስክ መስመሮች ላይ ወደ ዋልታ አካባቢ ይወርዳል፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ባለው አዮኖስፌር ውስጥ አግድም ያልፋል፣ በሌላ መስመር ተመልሶ ይወጣል። ኖርዌያዊው ክርስቲያን ቢርክላንድ እንዲህ ያሉ ጅረቶች መኖር አለባቸው ያለው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ሳተላይቶች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ጅረቶቹን በቀጥታ እስኪለኩ ድረስ ለአሥርት ዓመታት ተቀባይነት አላገኘም። በዚህ ዑደት ውስጥ አዮኖስፌር የሚጫወተው ሚና ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በላይኛው ማግኔቶስፌር ቅንጣቶች እርስ በርስ አይጋጩም ማለት ይቻላል። በአዮኖስፌር ግን አዮኖች ከተራው አየር ጋር ይላተማሉ፣ ይፋተጋሉ፣ አየሩን ያሞቃሉ። ዑደቱን የሚዘጋው፣ ፍሬን ሆኖ የሚይዘው፣ ጉልበቱንም ወደ ሙቀት የሚለውጠው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ የጋሻው ምስል መጉደል ይጀምራል። ማግኔቶስፌር በንፋሱ ፊት የሚዘረጋው ስፋት ከመሬት አካል ስፋት ከ100 እጥፍ በላይ ነው። መስኩ የንፋሱን ቅንጣቶች ከአብዛኛው አየራችን ማራቁ እውነት ነው፤ በአንጻሩ መሬት ብቻዋን ብትሆን ልትነካው ከማትችለው ሰፊ ክልል ጉልበት ይሰበስብና በሁለቱ ዋልታዎች ዙሪያ ወዳለ ጠባብ ቀለበት ያወርደዋል። ከጋሻ ይልቅ ቦይ ይመስላል፤ ውኃውን አያስቀረውም፣ የሚፈስበትን ቦታ ይወስንለታል።

ከዋልታዎች ሽቅብ የሚወጣው

ቦዩ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ያፈሳል። በዋልታዎች ላይ ያሉት ክፍት የመስክ መስመሮች ወደ ጠፈር የሚያወጡ በመሆናቸው የአዮኖስፌር ቅንጣቶች በእነርሱ ላይ ሽቅብ ይወጣሉ። ይህ ፍሰት የዋልታ ንፋስ ይባላል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በስሌት የተተነበየ ሲሆን በኋላ በሳተላይቶች ታይቷል። ለረጅም ጊዜ አከራካሪ የነበረው ሽቅብ የሚገፋቸው ምን እንደሆነ ነበር። ከቀረቡት መልሶች አንዱ እንዲህ ይላል፤ ኤሌክትሮኖች ቀላል ስለሆኑ ወደ ላይ ማምለጥ ይቀናቸዋል፣ አዮኖች ከባድ ስለሆኑ ወደ ታች ይሳባሉ፣ ሁለቱ እንዳይለያዩም በመካከላቸው ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል፤ ይህ መስክ ኤሌክትሮኖቹን እየያዘ አዮኖቹን ያነሣል።

መስኩ ደካማ በመሆኑ ለመለካት እስከ ቅርብ ጊዜ አልተቻለም ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ኢንዱራንስ የተባለች የናሳ ሮኬት ከስቫልባርድ ደሴቶች ተተኩሳ እስከ 768 ኪሎ ሜትር ወጣች። ውጤቱ በ2024 ሲታተም፣ ከ250 ኪሎ ሜትር አካባቢ አንስቶ እስከ ጉዞዋ ጫፍ ድረስ ያለው የቮልቴጅ ልዩነት 0.55 ቮልት ሆኖ ተገኘ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርቀት ላይ የተዘረጋው ይህ ልዩነት ከአንድ ተራ የባትሪ ድንጋይ ቮልቴጅ ሲሶ እምብዛም አይበልጥም። ቢሆንም ለሃይድሮጂን አዮን ከስበት ከ10 እጥፍ በላይ የሚበረታ ግፊት ይሆንለታል። ኦክስጅንን ብቻውን ከመሬት አያስመልጠውም፤ ከፍ አድርጎ በአውሮራ ክልል ያሉት ጅረቶችና ሞገዶች ወደሚያፋጥኑበት ስፍራ ግን ያደርሰዋል።

እንግዲህ መሬት መስክ እያላትም አየር ታጣለች። በቀን 90 ቶን ገደማ የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ቁጥሩ ለብቻው ሲሰማ ያስደነግጣልና ከጠቅላላው ጋር ማስተያየት ይገባል። የከባቢ አየራችን ክብደት 5 ሚሊዮን ቢሊዮን ቶን ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት ሁሉም ተሟጦ ለማለቅ 150 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይወስዳል፤ የፀሐይ ዕድሜ እስካሁን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ነው።

ሦስት ፕላኔቶች በአንድ ሚዛን

የጋሻው አስተሳሰብ ትልቁ ምስክር ማርስ ናት። ማርስ ዛሬ ዓለም አቀፋዊ መስክ የላትም። ከ1997 ጀምሮ የዞረቻት ማርስ ግሎባል ሰርቬየር የተባለችው መንኮራኩር ግን በጥንታዊ ቅርፊቷ ላይ የተተወ ጠንካራ መግነጢስ አገኘች፤ ስለዚህ ከ4 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት መስክ ነበራት። የጥንት ወንዞቿ ቦይም ወፍራም አየር እንደነበራት ይመሰክራል። ሁለቱን ገጥሞ መስኩ ጠፋ፣ ከዚያም አየሩ ተጠረገ ማለት የሚስብ ትረካ ነው። ማቬን የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሰበሰበችው መረጃም ጠፈር የማርስን አየር በብዛት እንደወሰደ አረጋግጧል፤ በ2017 የታተመ የአርጎን ልኬት ከዚህ ጋዝ 65 በመቶ ያህሉ ወደ ጠፈር እንዳመለጠ አሳይቷል።

ጥያቄው ማምለጡ ሳይሆን በምን መንገድ እንዳመለጠ ነው። ዛሬ ማርስ ኦክስጅን ከምታጣባቸው ዋና መንገዶች አንዱን ቀረብ ብለን እንመልከት። በአዮኖስፌሯ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው አዮን ሁለት የኦክስጅን አቶሞች የተጣመሩበት ነው። ይህ አዮን ከነጻ ኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሙሉን ያጣና ለሁለት ይሰነጠቃል፤ በስንጠቃው የሚለቀቀው ጉልበት እያንዳንዱን አቶም በሰከንድ እስከ 6.5 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይወረውረዋል። ከማርስ ስበት ለማምለጥ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ስለዚህ ሽቅብ የተወረወረው አቶም ይሄዳል። ያው ስንጠቃ በመሬት ላይ ይከናወናል፣ በቬነስም ይከናወናል፤ ነገር ግን ከመሬት ለማምለጥ 11.2፣ ከቬነስ 10.4 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ስለሚያስፈልግ አቶሙ ተመልሶ ይወድቃል። አቶሙ ሙል አልባ በመሆኑ መግነጢሳዊ መስክ ኖረም አልኖረም አይነካውም። እዚህ ላይ የወሰነው ስበት ነው፤ ማርስ ደግሞ ትንሽ ናት።

ሌላዋ ምስክር ቬነስ ለጋሻው ወገን እጅግ የማትመች ናት። መስክ የላትም፣ ለፀሐይም ከእኛ ትቀርባለች፤ ሆኖም በገጿ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከመሬት 90 እጥፍ ይበልጣል። እንዴት ቻለች? የፀሐይ ንፋስ ይዞት የሚመጣው መስክ በአዮኖስፌሯ ላይ ይደረደርና የራሱን መከላከያ ይፈጥራል፤ ይህም ሠራሽ ወይም ተቀጥላ ማግኔቶስፌር ሊባል ይችላል። በእርግጥ ቬነስ ውኃዋን አጥታለች፤ በአየሯ ውስጥ ያለው የከባድ ሃይድሮጂን ድርሻ ከመሬቱ ከ100 እጥፍ በላይ መሆኑ ቀላሉ ሃይድሮጂን በብዛት እንደሄደ ይናገራል። ካርቦን ዳይኦክሳይዷ ግን አለ።

ሦስቱን ፕላኔቶች በተመሳሳይ መሣሪያ የለኩ ተልእኮዎች ያመጡት ውጤት የዘርፉን ሊቃውንት ለሁለት ከፍሏል። ባለመስኳ መሬትና መስክ አልባዎቹ ቬነስና ማርስ ዛሬ የሚያጡት የአዮን መጠን ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የብዙ እጥፍ አይደለም። ከዚህ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ቡድን የውስጥ መግነጢሳዊ መስክ ፕላኔትን ከአየር ማምለጥ አይከላከልም እስከ ማለት ደረሱ፤ በስሌታቸው አንዳንድ መጠን ያለው መስክ ማምለጡን እንዲያውም ይጨምረዋል። በሌላው ወገን ያሉት ሁለት መከራከሪያ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው ከመሬት ዋልታዎች የሚወጣው ሁሉ አይጠፋም፣ ከፊሉ በጅራቱ ዞሮ ወደ አየራችን ይመለሳል የሚል ነው፤ በ2001 የወጣ ግምት ተመላሹን በጣም ብዙ አድርጎት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ክላስተር በተባሉት አራት ሳተላይቶች የተደረጉ ልኬቶች ግን ተመላሹን በእጅጉ ዝቅ አድርገውታል። ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ክብደት አለው፤ የዛሬዋ ፀሐይ ጸጥተኛ ናት፣ ወጣቷ ፀሐይ ግን እጅግ የበረታ ንፋስና ጨረር ትለቅ ነበር፣ ስለዚህ የዛሬው ተመሳሳይነት ከ4 ቢሊዮን ዓመት በፊት ላለው ዳኛ ሊሆን አይችልም። ይህ ክርክር በመለኪያ ብቻ የሚቋጭ አይደለም፤ ያለፈውን ፀሐይ መለካት አይቻልምና። ከተጻፈው ሁሉ ሚዛን የሚደፋው ግን መስክ ከስበት፣ ከፀሐይ ርቀትና ከአየሩ ኬሚስትሪ ጋር ተደምሮ የሚታይ አንድ ምክንያት እንጂ ብቸኛው ዘበኛ አይደለም የሚለው ይመስላል።

ከዚህ ጋር በተያያዘ በተደጋጋሚ የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በናሳ በተካሄደ ጉባኤ ላይ በማርስና በፀሐይ መካከል ትልቅ መግነጢስ በማቆም የማርስ አየር ቀስ በቀስ እንዲወፍር ማድረግ ይቻላል የሚል ንድፍ ቀርቦ ነበር። ንድፉ ሳይንሳዊ ምናብ ከመሆኑ በቀር የሒሳብ ችግር አለበት። ማርስ ዛሬ የምታጣው በሰከንድ ጥቂት ኪሎ ግራም ነው። ይህን ሙሉ በሙሉ ማቆም ቢቻል እንኳ አሁን ያላት ስስ አየር እጥፍ እንዲሆን ምድሯ ያንኑ ያህል ጋዝ እያወጣ ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመታት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጁፒተርና ሩቆቹ

ማግኔቶስፌርን ሁልጊዜ ፀሐይ የምታንቀሳቅሰው የሚመስለን መሬትን ብቻ ስለምናይ ነው። ጁፒተር ይህን ያርመዋል። የመግነጢስ ብርታቱ ከመሬት 20 ሺህ እጥፍ ያህል ነው፤ ማግኔቶስፌሩ ለዓይን የሚታይ ቢሆን ኖሮ በሰማያችን ላይ ከሙሉ ጨረቃ በልጦ ይታይ ነበር። የሚሞላው ግን በአብዛኛው ከፀሐይ በመጣ ነገር አይደለም። አዮ የተባለችው እሳተ ገሞራማ ጨረቃው በየሰከንዱ 1 ቶን ያህል የሰልፈርና የኦክስጅን ቁስ ወደ ጠፈር ትለቃለች። ቁሱ አዮን ሲሆን የጁፒተር መስክ ይይዘውና በ10 ሰዓት አንዴ ከሚሾረው ፕላኔት ጋር ያዞረዋል፤ ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር ግን መዘግየት ይጀምራል። ያን ጊዜ የጁፒተር አዮኖስፌር በመኪና ውስጥ ፍሪሲዮን የሚሠራውን ይሠራል፤ በታች ያለውን የፕላኔቱን ሽክርክሪት በኤሌክትሪክ ጅረት አማካይነት በላይ ወዳለው ቁስ ያስተላልፋል። ከጅረቱ ጋር የሚወርዱት ኤሌክትሮኖች በዋልታዎቹ ዙሪያ የማይጠፋ አውሮራ ያበራሉ። ጉልበቱ ከፀሐይ ሳይሆን ከጁፒተር ሽክርክሪት የተቀነሰ ነው። ከ2016 ጀምሮ በዋልታዎቹ ላይ ስታልፍ የቆየችው ጁኖ የተባለች መንኮራኩር ይህ ማብራሪያ ለሁሉም ብርሃን እንደማይበቃ አሳይታለች፤ ኤሌክትሮኖቹን የሚያፋጥን ሌላ፣ ሥርዓት የሌለው የሚመስል መንገድም አለ።

ይህን አዮኖስፌር ከመሬት ሆኖ ለማየት ያስቻለ አንድ እንግዳ አዮን አለ። ሦስት የሃይድሮጂን ኒውክለሶች በሁለት ኤሌክትሮኖች ብቻ ተሳስረው ይገኙበታል። ከቤተ ሙከራ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1980ዎቹ መጨረሻ በጁፒተር አውሮራ ውስጥ ነበር። በኢንፍራሬድ ያበራል፤ የሚያበራበት የሞገድ ርዝመት ደግሞ ሚቴን የፕላኔቱን ብርሃን የሚውጥበት በመሆኑ፣ ጁፒተር ጨልሞ አዮኖስፌሩ ብቻ ቦግ ብሎ ይታያል። ተመራማሪዎች ከብርሃኑ ሙቀቱን ያነባሉ። በዚህ መንገድ በ2021 የታተመ ካርታ የቆየ እንቆቅልሽን ወደ መፍትሔ አቅርቧል፤ የፀሐይ ብርሃን ብቻ ቢሆን የጁፒተር የላይኛው አየር ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ መሆን ሲገባው ከ400 ዲግሪ በላይ ነው። ካርታው ሙቀቱ ከአውሮራው አንስቶ ወደ ወገቡ በዝግታ እየቀነሰ እንደሚሄድ ስላሳየ፣ ማሞቂያው አውሮራው መሆኑን የሚጠራጠር ብዙም አልቀረም።

በሳተርን ደግሞ ዝምድናው ተገልብጦ ተገኝቷል። በ2022 የታተመ ጥናት የሳተርን አውሮራ ከፊሉ በራሱ የላይኛው አየር ንፋሶች እንደሚመነጭ አሳየ፤ ማለትም አዛዡ ከታች፣ ታዛዡ ከላይ ነው። ዩራኑስን የጎበኘ መንኮራኩር አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1986 ያለፈው ቮየጀር 2 ነው። በወቅቱ የተለካው እንግዳ ማግኔቶስፌር ለአሥርት ዓመታት እንደ ቋሚ ባሕርይ ሲነገር ቆይቶ፣ በ2024 የቀድሞው መረጃ እንደገና ሲመረመር መንኮራኩሩ የደረሰው የፀሐይ ንፋስ ማግኔቶስፌሩን ባልተለመደ ሁኔታ በጨመቀበት ሰሞን መሆኑ ታወቀ። በአንድ ቀን ጉብኝት ስለ አንድ ፕላኔት መደምደም የሚያስከትለውን ስሕተት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል። የኔፕቱን አውሮራም ለመጀመሪያ ጊዜ በምስል የታየው በዌብ ቴሌስኮፕ ሲሆን ይፋ የሆነው በ2025 ነው። የመግነጢስ ዘንጉ ከሽክርክሪቱ ዘንግ 47 ዲግሪ ያዘነበለ በመሆኑ አውሮራው የተገኘው በዋልታ ሳይሆን ወደ መሐል ቀርቦ ነው።

መስኩ ቢገለበጥስ?

የመሬት መስክ በታሪኩ ብዙ ጊዜ ሰሜንና ደቡቡን አገላብጧል፤ የመጨረሻው ከ780 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ነበር። መገልበጡ በአንድ ሌሊት ሳይሆን በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት የሚከናወን ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይገለበጥ በጣም የደከመባቸው ጊዜያትም አሉ። ከ41 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት በላሻምፕ ክስተት ጊዜ መስኩ ከዛሬው ከሲሶ በእጅጉ ወርዶ ነበር። ሰው በዚያን ጊዜ በምድር ላይ ነበረ፤ አየሩም በቦታው ቆየ። በ2021 የወጣ አንድ ጥናት ክስተቱን ከኦዞን መሳሳትና ከእንስሳት መጥፋት ጋር አያይዞት ነበር፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ግን የጊዜ ቅደም ተከተሉ አይገጥምም በማለት ተቃውመውታል። ዛሬ የሚታየው የ9 በመቶ መቀነስም የግድ ወደ መገልበጥ የሚሄድ አይደለም፤ መስኩ ባለፉት ሺዎች ዓመታት ከዚህ የሚበልጥ መዋዠቅ አሳይቶ ተመልሷል።

ከጠፈር ጨረር የሚጠብቀን ማን ነው ለሚለው ጥያቄም መልሱ በአብዛኛው አየሩ ራሱ ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ቶን ያህል አየር ተጭኗል፤ ይህም 10 ሜትር ጥልቀት ካለው ውኃ ጋር እኩል ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰው የት ነው

ሥጋቱ በተሳሳተ ቦታ ተቀመጠ እንጂ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ማግኔቶስፌርና አዮኖስፌር ሲናወጡ የሚጎዳው የሰው ልጅ በላያቸውና በሥራቸው የዘረጋው መሣሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1989 ሌሊት በካናዳ ኬቤክ የሆነውን ማየት ይበቃል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው አዮኖስፌር ውስጥ የሚፈሰው የአውሮራ ጅረት በፍጥነት ሲለዋወጥ ከሥሩ ያለው መግነጢሳዊ መስክ ተለዋወጠ፤ ይህም በመሬት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስክ ፈጠረ። የአካባቢው ጥንታዊ አለት ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፍ ጅረቱ የቀለለውን መንገድ መረጠ፤ በትራንስፎርመሮች የመሬት ማገናኛ በኩል ወደ ረጃጅሞቹ የኃይል መስመሮች ገባ። ትራንስፎርመሮቹ በተለዋዋጭ ጅረት ለመሥራት የተሠሩ ናቸውና በዝግታ የሚቀየረው እንግዳ ጅረት የብረት እምብርታቸውን በመግነጢስ አጠገበው፤ መከላከያ መሣሪያዎች አንዱ ከሌላው ተከታትለው ተቋረጡ። መረቡ በሙሉ ለመውደቅ 90 ሰከንድ ያህል ብቻ ፈጀበት፤ 6 ሚሊዮን ሰዎች ለ9 ሰዓታት ያለ መብራት ቆዩ።

አደጋው እጅግ ብርቱ ማዕበል የግድ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ወደ 210 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከተላኩት 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶች አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ያጠፋቸው ማዕበል በመለኪያው መለስተኛ የሚባል ነበር። ጅረቶቹ የላይኛውን አየር ሲያሞቁ አየሩ ወደ ላይ ተለጠጠ፣ በዚያ ከፍታ ያለው ሰበቃም እስከ 50 በመቶ ጨመረ፤ ሳተላይቶቹ ወደ ቋሚ ምሕዋራቸው ለመውጣት አቅም አጥተው ወደቁና ተቃጠሉ። በሜይ 2024 ደግሞ በአዮኖስፌር ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን መጠን በመናወጡ የጂፒኤስ ምልክት ተዛባ፤ በሰሜን አሜሪካ በዘር ወቅት ላይ የነበሩ፣ በሴንቲ ሜትር ልክ የሚመሩ ትራክተሮች መስመራቸውን ስተው ሥራ አቆሙ።

ማስጠንቀቂያ መስጠት የሚቻልበት ጊዜም የሚወሰነው ቀደም ሲል በተነሳው በር፣ ማለትም በመስክ መስመሮች ዳግም ትስስር ነው። ከፀሐይ የተነሳ የፕላዝማ (የአዮኖችና የነጻ ኤሌክትሮኖች) ደመና ወደ እኛ መምጣቱን ቴሌስኮፖች ከአንድ ቀን በላይ ቀድመው ሊያዩ ይችላሉ፤ ይዞት የሚመጣው መስክ ወደ ሰሜን ያመልክት ወይም ወደ ደቡብ ግን ከሩቅ በአስተማማኝነት አይታወቅም። አቅጣጫው የሚለካው ደመናው ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው በተቀመጡት ሳተላይቶች ላይ ሲያልፍ ነው። በሰከንድ 800 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ደመና ከዚያ በኋላ የሚቀረው ግማሽ ሰዓት ነው።